በቴሌቪዥን የማትታየው እናታችን

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እኅቴ፣ ለእታለም ዘርፈሽ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? አያ ሰብስቤስ እንዴት ነው? ልጅሽ ኤደንስ ትምህርቷን ጠነከረች? ላሟስ በሰላም ወለደች? እኔ አምላክ ይመስገን አለሁ፤ ከናፍቆታችሁና ማታ ማታ ከእግሬ ማበጥ በቀር ምንም አልሆንሁም። ሁዳዴውም ፉል እያለ አይከብድም፤ የሚከብደው ሙቀቱ ነው።

መልእክትሽን በርበሬ ልትሸጥ የመጣችው ሙላቷ ባለፈው ሳምንት እሑድ ቤተ ክርስቲያን አግኝታ ነገረችኝ። ጸሐይወርቅ ሽማግሌ አስቀድማ፣ ድንጋይ በጫንቃዋ ተሸክማ ደጅሽ ድረስ መጣች አለችኝ። ልጅ ለወላጁ ሲሸከም አይቻለሁ፤ እናት ለልጇ ስትሸከም ግን ሰምቼም አላውቅ። አንቺም «ያለ ልደት ቃል ድንጋዩን አላወርድላትም» ብለሽ መለስሻቸው፤ እነሱም እስከ ሆሳዕና ቀን ሰጡሽ። ሸክሙን ከእሷ ጫንቃ አንስተሽ በእኔ ላይ አደረግሽው እኮ እታለም! በማግስቱ ልቤ ሌላ ቦታ ሆኖ የማዳም ሉጥፊያን ቶብ የሚሉትን መጎናጸፊያ በካውያ አቃጠልሁባት። ደግነቱ ያን ሰዓት ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ ነበር።

እዚህ ቤት ከሰዓት በኋላ ማዳምና አማቷ፣ እኛ ሀቦባ የምንላት አሮጊት፣ ሙሰልሰል የሚሉትን ተከታታይ ድራማ ያያሉ። እኔ ከኋላ ቆሜ እተኩሳለሁ። ዘንድሮ የያዙት ልጆቿን ጥላ የሄደች እናት ታሪክ ነው። ቅንድቧ የተቀነደበ፣ ስታለቅስ እንኳ ኩሏ የማይፈስ ናት። ማዳም «ወላሂ ይህቺ እናት አይደለችም፣ ሸይጣን ናት» ትላለች። ሀቦባ ደግሞ «ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ እናት እናት ናት» ብላ ትቆጣለች። በሰው አገር እናት ተኳርፈው እራታቸውን በየክፍላቸው ይበላሉ፤ ሁለት ትሪ ይዛ የምትመላለሰው እኅትሽ ናት።

ቅዳሜ ደግሞ እዚህ የእናቶች ቀን ነበር። ቴሌቪዥኑ ከጧት ጀምሮ ለእናት ሲዘፍን ዋለ። በዘፈን እናት ሁሉ ማር ናት፤ በድራማ ደግሞ ወይ ቅድስት ናት ወይ መርዝ። የአገራችንም ዘፈን ያው ነው። የእኛን እናት የሚመስል አንድም አላየሁም። ማዳም ልጆቿ ሽቶ ሰጥተዋት ደስ ብሏት ነበርና ስልኳን ዘርግታ «ያላ ልደት፣ ለእናትሽ ደውዪላት» አለችኝ። ተቀብዬ ማድ ቤት ገባሁ። ቆሜ ቆሜ «ኔትወርክ የለም» ብዬ መለስሁላት። ማን ብዬ ልጥራት? አክስታችን እትዬ ጀምበሬ ስታሳድገን ጸሐይወርቅን በስሟ ስንጠራት ነው የኖርነው።

ያንን የመተማ ሹፌር ተከትላ ስትሄድ እኔ የወተት ጥርሴን እንኳ አልነቀልሁም ነበር። በዓመት አንዴ ለጥምቀት ብቅ ብላ ከሰው ሁሉ በላይ ስትጨፍር፣ እኛን ግን ፀጉራችሁ ተንጨባረረ ብላ ስትቆነጥጠን ትዝ ይልሻል? ያቺው ሴት ወባ የጣለኝ ክረምት፣ ማን እንደነገራት እንጃ፣ ደርሳ በዚያ ዝናብ አዝላኝ እስከ አይከል ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። መንገዱን ሙሉ ስትሰድበኝ ነበር። «ብትሞቺ እገልሻለሁ!» ትለኛለች። የጀርባዋ ሙቀት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ልጥላት ስል ያ ጀርባ ይመጣብኛል፤ ልውደዳት ስል መተማ ይመጣብኛል። ደከመኝ እታለም፣ እውነቴን ነው፣ ከሥራው ይልቅ ይህ ነው ያደከመኝ።

ሙላቷ እንዳወራችኝ፣ ድንጋዩን እንደተሸከመች፣ አንገቷን እንደደፋች እንኳ «ይህ አጥር እንዲህ ተጋድሞ ሰው ምን ይላል?» ብላሻለች። ሽማግሌዎቹ አፍረው መሬት መሬት አዩ አሉ። እኔ ሳቅሁ፤ ስስቅ ቆይቼ አለቀስሁ። የድራማዋ እናት ትናንት ከልጆቿ እግር ሥር ወድቃ ስታነባ ማዳም ሳትቀር ተንሰቀሰቀች፤ እኔ ግን ዓይኔ ደረቅ ነበር። የእኛዋ እንባ አያውቃትም። ድንጋዩን ግን ራሷ መርጣ ራሷ ተሸከመችው።

እንግዲህ ቃሌ ይኸው ነው። ሙላቷ በዚህ ሳምንት ስለምትመለስ ከሆሳዕና በፊት ይደርስሻል። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አውርጂላት። ልደት ይቅር ብላለች ብለሽ ግን አትንገሪያት፤ ገና አላልሁም። ሁለተኛ አትሄድም ብዬም አልምልልሽ። የእኔ ልብ እስኪመለስ ድረስ ግን የአሮጊት አንገት አይሰበር።

አያ ሰብስቤን እንደምን አለህ በይልኝ፤ አጥሩንም ያቁመው። ኤደንን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። የእትዬ ጀምበሬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ እናትነቷን ማንም አይወስድባትም በያት። ለእማም፣ ልደት እንደምን አለሽ ብላለች በያት። መልሳ የምትሰድበኝን ደግሞ አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

እኅትሽ ልደት
ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር
መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም.