ቦግ ብሏል ያልኩህ ቀን

ውድ ወንድም ጋሼ ካምሲንግ፣

ወረቀት ይዘህ ለማንበብ አቅም እንዳጣህ ላምዱዋን ነግራኛለች። ስለዚህ ይህን የምታነብልህ እሷው ሚስትህ ናት። ይሁን፣ እሷም ትስማው። በስልክ ልነግርህ አራት ጊዜ ደውዬ አራቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አወራሁ። ፈሪ ነኝ፣ ታውቀኛለህ።

አምና ሚያዝያ ለውኃ መራጫው አዲስ ዓመታችን ወደ መንደር ስመጣ ትዝ ይልሃል? ሰው ውኃ ሲራጭ እኔ ሠላሳ ባለክዳን ኩባያ ይዤ በየቤቱ እዞር ነበር። አንተ በር ላይ ቆመህ መንደሩ እስኪሰማ፣ "ኧረ ጉድ! ይህን ሁሉ ዘመን አስተምሬ፣ ዶክተር ሆና ሽንት ልትለምን መጣች!" አልክ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅሁ፣ ውስጤ ግን ንድድ ብሎ ነበር።

"ለመሆኑ ምን ልታደርጊው ነው?"

"ሥራውን የሚሠራው ያንተው የሩዝ ገለባ ነው" አልኩህ። ገለባህን በታሸገ የብረት ዕቃ አበስለውና ከከሰለው ውስጥ ዓይን የማያየው ቅንጣት አወጣለሁ። ፈሳሹ በቀን ሲያዩት ቀጭን ሻይ ይመስላል፤ ሐምራዊ መብራት ሲበራበት ግን ሰማያዊ ሆኖ ቦግ ይላል። ሽንት ጠብ ሲደረግበት፣ ሰውየው ጉበቱ ውስጥ ከዓሣ የሚመጣው ትል ካለ ብርሃኑ ይደበዝዛል፤ ከሌለ እንዳለ ይቆያል። የስምንት ዓመት ትምህርቴ ይኸው ነው።

"ታዲያ ገለባዬ መብራት ከሆነ እኔ ለምን ለመብራት እከፍላለሁ?" ብለህ ኩባያውን ተቀበልከኝ። ይዘኸው ስትመለስ ግን አልቀለድክም። "ውጤቱን ንገሪኝ፣ እሺ?" አልክ። ሁለት ጊዜ አልከኝ። ለምን ሁለት ጊዜ እንዳልክ ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ።

ከታመሙት ጋር ለማነጻጸር ከያዝኳቸው ጤነኞች ዝርዝር ውስጥ ቁጥር አሥራ ሰባት ብዬ መዘገብኩህ። ቀደም ሲል የትሉን መድኃኒት በእጄ አስውጬህ፣ "ከእንግዲህ ጥሬ ዓሣ በአፌ አይዞርም" ብለህ በእናታችን አጽም ምለህልኝ ነበራ።

አሥራ ሰባት ደበዘዘ።

ደገምኩት፣ ደበዘዘ። ፈሳሹ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ አዲስ አበሰልኩ፤ በእሱም ደበዘዘ። ጥናቴን የሚመሩት ፕሮፌሰር ዊሩት ከኋላዬ መጥተው አዩት።

"ይሄ ማነው? ቶሎ አልትራሳውንድ ይታይ" አሉኝ።

"ወንድሜ ነው። እሱ ጥሬ ዓሣ አይበላም።"

"ደብዝዟል እኮ፣ ልጄ።"

"ኩባያው ቆሽሾ ነው። የሩዝ አረቄም ይወዳል፣ እሱ ይሆናል ያጠፋው።" ምክንያት መቼ ይጠፋል! አየት አድርገውኝ "እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ" ብለው ሄዱ። አሥራ ሰባትን ሰረዝኩት። በታተመው የጥናት ጽሑፋችን ላይ ጤነኞቹ ሃያ ዘጠኝ ናቸው፤ ሃያ ዘጠኙም ሰማያዊ። ገምጋሚው "ንጹሕ ውጤት" ብሎ አወደሰን።

በሳምንቱ ደወልክ። "የኔስ ምን አለ?"

"ቦግ አለ ጋሼ! አምፖል ነህ እኮ!"

በረጅሙ ስትተነፍስ ሰማሁህ። አንተን ማመኔ ነው እያልኩ ራሴን እያታለልኩ ከረምኩ። እውነቱ ሌላ ነው። የትሉ ዶክተር ወንድም ትል አለበት መባልን ፈርቼ ነው።

በጥር ዓይንህም ቆዳህም ቢጫ ሆኖ ሆስፒታል ገባህ። ሐኪሞቹ ትሉ ጉበትህ ውስጥ ያበቀለውን ዕጢ ከፍተው አይተው፣ የማይነካ ሆኖባቸው መልሰው ሰፉህ። አልጋህ አጠገብ ብርቱካን ስልጥልህ፣ አንተ ጣሪያ ጣሪያውን እያየህ ጀመርክ።

"አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቆጪ። መሐላዬን ካፈረስኩ ቆይቻለሁ። ወንዝ ዳር ጓደኞቼ ጥሬውን ዓሣ በሎሚና በሚጥሚጣ ለውሰው ሲያቀርቡ፣ 'እሱ እህቱን ይፈራል' እያሉ ሲስቁብኝ፣ ምን ላድርግ? ልነግርሽ አፈርኩ። ኩባያውን ስሰጥሽ ግን፣ በቃ ያጋልጠኛል፣ እሷም ትሰድበኝና እተወዋለሁ ብዬ ነበር። አንቺ ቦግ አለ አልሽኝ! እኔም ሆዴ ብረት ነው ብዬ ቀጠልኩበት።"

ከዚያ እጄን ያዝከው። "ያኔ ጤነኛ ነበርኩ፣ አይደል? ከዚያ ወዲህ ነው የመጣው። ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር።"

"አዎ ጋሼ፣ ማንም" አልኩህ።

ዋሸሁህ። ሁለተኛዬ ነው። ሐኪሞቹን ቀስ ብዬ ጠይቄያለሁ፤ ያኔ ታይቶ ቢሆን ዕጢው ምናልባት ቢላዋ የሚደርስበት ነበር አሉኝ። ይቺ "ምናልባት" እህል አላስበላ አለችኝ። አንተ በኩባያ ተናዘዝክልኝ፣ ገለባህም እውነቱን ተናገረ፤ መሃል ገብቼ አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

አሥራ ሰባት ወደ ጽሑፉ እንዲመለስ ለአሳታሚዎቹ ጽፌያለሁ። ፕሮፌሰሩም ፈርመዋል። ለሌላ ሰው ይጠቅም ይሆናል። ላንተ አይጠቅምም፣ ይህን ላጣፍጠው አልሞክርም።

ላምዱዋን፣ እባክሽ እዚህ ላይ አታቁሚ፣ ጨርሺለት።

ጋሼ፣ ይቅር በለኝ አልልህም። ካልኩህ ወዲያው ይቅር ትለኛለህ፣ እሱን ነው የምፈራው። እናትም አባትም ሆነህ ስታሳድገኝ አንድ ቀን ተቆጥተኸኝ አታውቅም፤ አዲሱን ሞተርህን ወንዝ ስከትብህ እንኳ "አንቺ ተርፈሻል?" ነበር ያልከው። አሁን ግን "ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር" እያልክ ለጠያቂው ሁሉ የምታወራልኝን ተው። እህቴ ታውቅ ነበር በላቸው። ከዚያ ላምዱዋን ስልኩን ጆሮህ ላይ ትያዝልህ፤ ድምፅህ ሳያልቅ ደውልና ስደበኝ።

ስልኩን ይዤ ተቀምጫለሁ።

ያሳደግካት እህትህ፣
ቡዋላይ