ያልደረቀው ቢጫ

ሰኞ

አለፈ። የዮናስ ሥዕል አለፈ። ኢሜይሉን ያነበብኩት ኦሎምፒያ ያለው ቢሯችን ውስጥ፣ የማላውቃቸውን ሰዎች የሠርግ ባነር እየሠራሁ ነው። ደስ አላለኝም።

በኢንተርኔት ብቻ የሚታይ ኤግዚቢሽን ነው። ከየአገሩ ሠዓሊዎች ይልካሉ፣ ዳኞች ይመርጣሉ። የዘንድሮው ስለ ቀለም ነው ይላል። ክረምት ላይ ሥዕሉን በስልኩ አንስቶ፣ ፎርሙን ሞልቶ የላከልኝ ወንድሜ ዮናስ ነበር። እኔማ እምቢ ብዬው ነበር። የሣልኩትም ራሱን ዮናስን ነው፤ ቢጫ ሸሚዙን ለብሶ፣ ወደሚሠራበት ጋራዥ ሊሄድ ሲል፣ በራችን ላይ ቆሞ። ከላከው በኋላ ብዙም አልቆየም። ቡልጋሪያ ሰፈር ጋ መንገድ ሲሻገር መኪና ገጨው።

አሁን ዳኞቹ የሚፈልጉት ቀላል ነገር ነው። ሥዕሉን በቀን ብርሃን ከፊት፣ ከጎን፣ ደግሞም በጣም ተጠግቼ አንስቼ እስከ ዓርብ እንድልክ። ሥራው በእርግጥ መኖሩን ለማየት ነው። መኖሩስ አለ። ከእማዬ ቁም ሳጥን ጀርባ በነጠላ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ግን የላክነው ሥዕል አይደለም።

ማክሰኞ

እንዴት እንደተበላሸ እስካሁን አልጻፍኩም። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የለቅሶው ዕለት ተለቅ ያለ ፎቶ አላሳጠብንም ነበር። አክስቴ ጽጌ ሥዕሉን ግድግዳው ላይ አየችና አውርዳ ድንኳን ውስጥ ይዛው ገባች። ከዚያ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። እያቀፉት፣ እየሳሙት፣ ደረታቸው ላይ እየለጠፉት አለቀሱ። በወፍራሙ የተቀባ የዘይት ቀለም፣ ያውም በክረምት፣ ያውም በእኛ እርጥብ ቤት፣ ቶሎ አይደርቅም። ይሄን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ደግሞ መሬት ላይ ተደፍቼ ነበር። ቀና ስል የሴቶቹ ጥቁር ልብስ ሁሉ ቢጫ በቢጫ ሆኗል። በአክስቴ ጉንጭ ላይ የዮናስ ጉንጭ ቀለም አለ። ማንም ልብ አላለም።

ለልማት ከካዛንቺስ የተነሱት የድሮ ጎረቤቶቻችን ከየሄዱበት የከተማ ዳር ተጠራርተው መጥተው ነበር። የዮናስን ሸሚዝ ቢጫ በየነጠላቸው ይዘው ተመለሱ። አንዷ አርባው ላይ አግኝታኝ "ባጥበው ባጥበው አልለቅ አለኝ፣ ተውኩት" አለችኝ።

ዛሬ ለኪሩቤል ነገርኩት። አጠገቤ የሚቀመጥ ዲዛይነር ነው። "አንቺ ደሞ አታካብጂ። የድሮውን ፎቶ ስጪኝ፣ በፎቶሾፕ ከፈለግሽው ጎን አወጣልሻለሁ። ማለቴ፣ ማን መጥቶ ያየዋል?" አለኝ።

እውነቱን ነው። ማንም አይመጣም። ፎቶውን ላክሁለት።

ረቡዕ

እማዬን ለመንኳት። ልጠግነው፣ አንድ ቀን ብቻ ስጪኝ አልኳት።

"ሰው የሳመውን ልትፍቂው ነው?" አለች።

አልፍቅም፣ በላዩ ነው የምቀባው አልኳት። "ፈረንጅ አየው አላየው ለልጄ ምን ይጨምርለታል?" ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ለእሱማ ምንም። ለእኔ ነው። ያሉን ፎቶዎች ሁሉ እንደ መታወቂያ ፎቶ የደረቁ ናቸው። ሊስቅ ሲል ያለው እዚህ ሥዕል ላይ ብቻ ነው። ኤግዚቢሽኑ ላይ ከወጣ፣ የምንኖርበትን ቂርቆስን በስም እንኳ የማያውቅ ሰው ዮናስን ያየዋል። ካልወጣ ከቁም ሳጥን ጀርባ ይቀራል፣ በቃ። እሱ ከሞተ ወዲህ ብሩሽ አልያዝኩም። ይሄም ከቀረ የምይዝ አይመስለኝም።

ሐሙስ

እማዬ ቤተ ክርስቲያን እንደሄደች ከቢሮ አስፈቅጄ መጣሁ። ሥዕሉን ግቢ አወጣሁት።

ግራ ጉንጩ የለም። ከዓይኑ ሥር እስከ አገጩ ተጠርጓል። የጣት ምልክት አለ፣ የከንፈር ምልክት አለ፣ ማን እንደሆነች የማላውቃት ሴት ፀጉር ተጣብቋል። ሸሚዙ ቢጫ ደመና ብቻ ሆኗል። እየተጣደፍኩ ፎቶ አነሳሁት፣ ግማሹ ደብዛዛ ነው። እንደገና አነሳሁ። እማዬ ሳትመጣ መለስኩት።

ኪሩቤልም የሠራውን ላከልኝ። ቆንጆ አድርጎታል። እውነቱን ለመናገር ከእኔ ሥዕል ይበልጣል። የብሩሹን መስመር ሳይቀር ፈጥሮለታል። የትኛውን እንደምልክ አላውቅም።

ዓርብ

እውነተኛውን ላክሁ። ጀግና ሆኜ አይደለም። የኪሩቤልን ልልክ ከመረጥኩት በኋላ አስጠላኝ። ለቅሶ ላይ ሰዎች ስመውት እንደተበላሸ በሁለት መስመር ጻፍኩ፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ቀልድ ይመስላል።

መልሱ ከሰዓት መጣ። በሐዘኔ አዝነዋል። ሆኖም ሥራው አሁን ያለበት ሁኔታ ከተመዘገበው ጋር ስለማይመሳሰል ሊቀበሉት አይችሉም። ለሚቀጥለው ዙር እንድሞክር ያበረታቱኛል።

ልክ ናቸው። የምሰድበው ሰው እንኳን የለኝም። ኪሩቤል "ነግሬሽ ነበር" አላለም፤ ሻይ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። እዚያው ቀዘቀዘ።

ቅዳሜ

ለእማዬ ነገርኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር።

"ይሄ ያ ሥዕል አይደለም አሉ" አልኳት።

"እኔም እኮ ከለቅሶው ወዲህ ገልጬ አላየሁትም። ፈርቼ ነው" አለች።

ራሷ ሄዳ አወጣችው። ነጠላውን አነሳች። አተኩራ አየችው። አላለቀሰችም። "በይ ሥሪው" አለችኝ።

አልችልም አልኳት። ስልኩ ላይ ያለው ፎቶ መልኩን አንጥቶታል፤ ትክክለኛው ቀለሙ ደግሞ ከጭንቅላቴ ጠፍቷል። ይሄን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። የወንድሜ መልክ ጠፍቶብኛል።

እማዬ በርጩማውን ወደ መስኮቱ ሳበች። ጥቁር ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ተቀመጠችና ግራ ጉንጯን ሰጠችኝ። "እኔን እያየሽ ሥሪው። ከእኔ ነው የወጣው" አለች።

ቀለሞቹ ግማሾቹ ደርቀዋል። የቀዩን ቱቦ አፍ በሚስማር ከፈትኩት። ሰሃን ላይ ከቡናማውና ከነጩ ጋር ደባለቅኩ። መጀመሪያ በጣም ጠቆረብኝ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ መልኩ መጣ። እማዬ አልተነቃነቀችም። ጎረቤት በር ሲያንኳኳ "ቆዩ፣ ሥራ ላይ ነን" አለች።

ሊመሽ ሲል ብሩሹን አስቀመጥኩ። ያኔ ነው ያየሁት። ከዓይኑ ሥር የእማዬ መስመሮች ገብተዋል። ጉንጩም እንደ እሷ ወረድ ብሏል።

እሷም ቀረብ ብላ አየችው። "አርጅቷል" አለች።

"ነገ አስተካክለዋለሁ፣ እማዬ።"

"ተይው" አለች። "ያርጅልኝ።"