«ሀይሚ ትግባ» ያልኩ ዕለት

ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ አዲስ አበባ
ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለፀዳለ
ጎዴ

ፀዲዬ የኔ ጌጥ፣ ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሻል? እኛ እዚህ በዝናብ ብዛት ሻጋታ ልናወጣ ምንም አልቀረን፤ አንቺ እዚያ በፀሐይ ትጠበሻለሽ። ቢቻል ኖሮ ተካፍለን እንገላገል ነበር። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ ብርዱ ይነካካታል። የላክሽላትን ሽቶ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው የምትቀባው፤ እኔን አታስነካኝም።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈሽ እንዳትዪኝ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ታውቂዋለሽ፤ እኛ ቤት ያስነጠሰ ሰው እነ ሀይሚ ቤት «ይማርህ» ይባላል። የማወራሽ ደግሞ ስለ ሀይሚ ነው። ሆስፒታል አብሮሽ የሚሠራው አዶኒያስ ሥልጠናውን ጨርሶ ቅዳሜ ወደ ጎዴ እንደሚመለስ ስሰማ በእሱ ልልክልሽ ወዲያው ወረቀት አወጣሁ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር፤ ቀንቼ እንዳይመስልሽ። እስከ መጨረሻው አንብበሽ ፍረጂኝ።

ሦስተኛ ዓመት የጨረሰ የማርኬቲንግ ተማሪ ክረምቱን አንድ ድርጅት ገብቶ መሥራት አለበት፤ ኢንተርንሺፕ የሚሉት። ሐምሌ ሳያልቅ ቦታ ያላገኘ እስከሚቀጥለው ክረምት ይጠብቃል። ጓደኞቹ ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሡ እሱ አበባ ያዥ ነው ማለት ነው። ኮሌጁም የትብብር ደብዳቤ አስታቅፎ «ሂዱ፣ ፈልጉ» አለን።

እኔና ሀይሚ ቦሌን ከኤርፖርት እስከ መድኃኔዓለም በእግራችን ለካነው። መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ሁሉ በሩ ላይ ያው አንድ ዓይነት ጥበቃ ነው ያለው።

«ማንን ፈልጋችሁ ነው?»

«የሰው ኃይል ክፍልን።»

«ቀጠሮ አላችሁ?»

«የለንም።»

«ደብዳቤውን እዚህ ተዉት፤ ይደወልላችኋል።»

የዚያ ጥበቃ መሳቢያ ውስጥ የስንት ተማሪ ተስፋ ታጥፎ እንደተቀመጠ እግዜር ይወቅ። አንድ ቦታማ ተቀብለውን «ሽያጭ ሞልቷል፣ መዝገብ ቤት ገብታችሁ ፋይል ብታስተካክሉልን» አሉን። እኔ ደግሞ ከሽያጭ ሌላ አልፈልግም። ታውቂኛለሽ፣ ሰው ማሳመን ይሆንልኛል። የእማዬን አሮጌ ሶፋ «ይሄ እኮ የድሮ እንጨት ነው» ብዬ ገዢው አመስግኖ እንዲሸከመው ያደረገው ማን ሆኖ ነው?

ሀይሚን ደግሞ አስቢያት። የእትዬ ወለተማርያም ልጅ፣ ያቺ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ለማለት የምታፍረው! ስንት ጊዜ መውረጃዋን አልፋ በእግሯ ተመልሳለች። እኔ ካለሁ እኔ ነኝ የምልላት። ክፍል ውስጥም ጥያቄ ሲኖራት በጆሮዬ ትነግረኝና እኔ እጄን አወጣላታለሁ።

ታዲያ ሰኔ መጨረሻ ላይ ኢምፔሪያል አደባባይ ጋ ታክሲ ስጠብቅ ዝናቡ ያዘኝና አንድ ትልቅ የኪችን ካቢኔት መሸጫ ውስጥ ተጠለልኩ። የውስጡን ብርሃን ብታዪው! እዚያው ቆሜ ሳንጠባጥብ የሽያጭ ኃላፊውን አቶ ዘርአይን አገኘኋቸው። ረጋ ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉ ሰው ናቸው። ተማሪ መሆኔን ነገርኳቸው፤ «ነገ ደብዳቤሽን ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

እየበረርኩ ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። እሷ ደግሞ «ብቻሽን አትሂጂ፤ ሀይሚንም ይዘሻት ሂጂ፣ እናቷ ጭንቅ ላይ ናቸው» አለች። ይዣት ሄድኩ። ያገኘሁት እኔ፣ ይዣት የሄድኩት እኔ። ይህን አስምሪበት።

አቶ ዘርአይ በማግስቱ አስቀመጡንና «ደንበኛ የት ይገኛል?» ብለው ጠየቁን። እኔ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ምኑን ልንገርሽ፣ አንበለበልኩት። ሳቁ። «አያት ሰፈር ሂጂና የሴራሚክ መቁረጫ የሚጮህበትን ሕንፃ ስሚ» አሉኝ፤ «ወለል የሚያስነጥፍ ሰው ቀጥሎ የሚያስበው ኪችን ነው።» በዚያው መሃል ባልና ሚስት ገቡና «እስቲ አስተናግዷቸው» አሉን። ፀዲ ሙች፣ ሴትየዋን መሳቢያ በመሳቢያ አስከፈትኳት፤ ባልየው «ኧረ ቀስ» እስኪል። ሀይሚ ሜትር ያዘች። ሥራዋ እሱ ብቻ ነበር፤ ሜትር መያዝ።

ሰዎቹ ሲወጡ አቶ ዘርአይ እንዲህ አሉን። «ሁለታችሁም ደስ ትሉኛላችሁ። የተፈቀደልኝ ግን አንድ ሰው ነው። ጓደኛሞች ስለሆናችሁ ተነጋገሩና ንገሩኝ፤ ማን ትግባ?»

አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ? ያደግንበት ነው እኮ። ሰው ቤት ሄደሽ «ብይ» ስትባዪ ሆድሽ እየጮኸ «በልቼ ነው የመጣሁት» ትያለሽ። «በሞቴ» ትባያለሽ፤ «እውነቴን ነው» ትያለሽ። ሦስተኛው ላይ ተነሥተሽ እጅሽን ትታጠቢያለሽ። በር ላይ እንኳ «ቅደሚ»፣ «ኧረ አንቺ ቅደሚ» ሳንባባል ገብተን አናውቅም። እኔም እንደ ወጉ «ሀይሚ ትግባ» አልኩ። ከዚያ እሷ «ኧረ ሰብሊ ትግባ፣ ያገኘችው እሷ ናት» ትላለች፤ እኔ «በፍጹም» እላለሁ፤ እሷ «እኔ ልሙት» ትላለች፤ ከዚያ እኔ አንገቴን ደፍቼ፣ እያፈርኩ እገባለሁ። በልቤ ተሰልቶ ያለቀ ነገር ነበር።

ሀይሚ ምን አለች መሰለሽ?

«እሺ፤ አመሰግናለሁ።»

በቃ። በመጀመሪያው! ማን በመጀመሪያው እሺ ይላል?

አቶ ዘርአይ ሀይሚን «ሰኞ ሁለት ሰዓት» አሏትና ወደ እኔ ዞረው እጄን ጨበጡኝ። «እንዳንቺ ያለ ጓደኛ ለሁሉም ይስጥ።» ፈገግታዬ ፊቴ ላይ ደርቆ ቀረ፤ ታክሲ ውስጥ እንኳ ላወርደው አቃተኝ።

ይባስ ብሎ ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። እትዬ ወለተማርያም ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ። «አንቺን የወለደች ማህፀን ይባረክ! በዚህ ዘመን ለጓደኛው የሚለቅ ማን አለ?» እያሉ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ ያላገኙት ቦታ የለም። እማዬ ማህፀኗ ሲመረቅ ጊዜ ቁመቷ ጨመረ። ዕድር ላይ ሳይቀር አወራችው። ከታች ያለው ባለሱቅ እንኳ «አንቺ ነሽ አሉ ያቺ ደግ ልጅ» አለኝ። ታዲያ ሰው ሲመርቅሽ «ኧረ ለወጉ ያህል ነው ያልኩት» ብለሽ ምርቃት ይመለሳል? አሜን፣ አሜን ስል ከረምኩ። አሜን ባልኩ ቁጥር እዚህ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ያቃጥለኛል።

ሀይሚማ ሥራ ጀመረች። ጥቁር ኮት ገዛች፤ አንገቷ ላይ ባጅ ተንጠለጠለ። ባጁን ደረጃ ላይ እንኳ አታወልቀውም። «ዛሬ ሁለት ክላየንት ነበረኝ» ትላለች፤ ደንበኛ ማለት ተረሳ። ጠዋት ጠዋት ልብስ የማሰጣ መስዬ በረንዳ ላይ እወጣና እስክትታጠፍ አያታለሁ። አንድ ቀንም እንዲያው መንገዴ መስሎ ኢምፔሪያል ወረድኩ። በመስታወቱ በኩል ሳያት አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ፊት ቆማ በቀስታ የሚዘጋውን መሳቢያ ታሳያለች። ሰውዬው ሳቀ። ሀይሚ ሰው አሳቀች! ምን ብላው እንደሆነ እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ታክሲ ውስጥ ተገናኘን። እሷ ከኋላ፣ እኔ ከፊት። ሰሚት ስንደርስ እንደ ልማዴ ልልላት አፌን ስከፍት፣ ከኋላ «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ታክሲውን አናወጠው። ረዳቱ እንኳ ደንግጦ ዞረ።

የዚያን ዕለት ነው ተከትላኝ የወጣችው። ደረጃው ላይ ያዘችኝ።

«ሰብሊ፣ አኩርፈሻል?»

«ለምን አኮርፋለሁ? እኔ አይደለሁ እንዴ የሰጠሁሽ?»

«አልሰጠሽኝም» አለች። «ወሰድኩት።»

ቁልፌን ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ እሷ ግን ቀጠለች።

«በአፍሽ ትግባ አልሽ፤ ዓይንሽ ግን እምቢ ይል ነበር። አይቼዋለሁ። አይቼ ነው እሺ ያልኩት። አንድ ጊዜ ኧረ ሰብሊ ትግባ ብል ኖሮ፣ አንቺ ገብተሽ እኔ ቤት ነበርኩ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምንሆነው። ስለዚህ እናቴ ስትመርቅሽ አሜን አትበዪ፤ ስሰማው ያመኛል።»

ብላኝ ገባች። በሯን እንኳ አልወረወረችውም፤ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ለእማዬ የዚያኑ ዕለት እውነቱን ነገርኳት። ምን አለች መሰለሽ? «ዝም በይ! እንዳትናገሪ፤ ከዚህ ሁሉ ምርቃት በኋላ ሰው ምን ይለናል?» እሷ ሰው ምን ይላል ትላለች፣ የእኔ ሐምሌ እያለቀ ነው። የምርቃት ሰርተፊኬት የሚሰጥ ኮሌጅ የለም።

ማክሰኞ ብቻዬን ወደ አቶ ዘርአይ ሄድኩ።

«የኔ ልጅ፣ ጓደኛሽን ከሆነ አያት ሄዳለች» አሉኝ።

«እርስዎን ነው የፈለግሁት። ያን ዕለት ሀይሚ ትግባ ያልኩት ከልቤ አልነበረም። መግባት እፈልጋለሁ። እሷን ያስወጡልኝ ማለቴ አይደለም፤ ለእኔም ቦታ ይፈልጉልኝ።»

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አዩኝ። «ታዲያ ያን ጊዜ ምን ያዘሽ?»

«ይሉኝታ።»

«ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «ግን እኔ የምፈልገው ሻጭ ነው እንጂ ሙሽራ አይደለም። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልልክብሽ ነው?»

የመሸጫው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። ከዚያ አቶ ዘርአይ አያት ውስጥ የናሙና ኪችን የሚገጠምበት አንድ ቤት ሊከፍቱ መሆኑን ነገሩኝ። «መንገዱ ጭቃ ነው፤ ፎቁ ከፍ ያለ ነው፤ ሊፍቱም ገና…» ሳይጨርሱ «እሄዳለሁ» አልኩ። እዚያው ፊቴ ለዋናው ቢሮ ደወሉ። ብዙ «እ… እ…» ካሉ በኋላ ስልኩን ዘግተው ደብዳቤዬ ላይ ማህተም አሳረፉበት። ፀዲዬ፣ ገባሁ! ሰኞ እጀምራለሁ።

ደስታዬን ሳላጣጥም ግን አቶ ዘርአይ ጨመሩ። «ሥራውን የምታለማምድሽ ሀይሚ ናት። የአያትን ሕንፃዎች አሁን ከእሷ የተሻለ የሚያውቃቸው የለንም።»

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ውኃ ጠጣሁ።

ትናንት ማታ በራችንን አንኳኳች። እማዬ «ግቢ እንጂ» ብትላት ደጃፉ ላይ እንደቆመች፣ «ሰኞ ቦት ጫማ አድርጊ፤ አንድ ሰዓት ላይ እንውጣ። የመጀመሪያ ቀን ዝም ብለሽ እኔን እያየሽ ዋይ፤ አትናገሪ» አለችኝ። አትናገሪ! እኔን! ሜትር ብቻ ይዤ ልውል ነው።

እሺ አልኳት።

እንግዲህ ቀንቻለሁ ወይስ አልቀናሁም፣ ፍርዱን ለአንቺ ትቻለሁ። ለእማዬ ግን ምንም እንዳትዪያት፤ እሷ አሁንም ደጓን ልጅ ይዛ ነው የምትዞረው።

የጎዴ ፀሐይ ይብረድልሽ። በእጅሽ የተወለዱት ሕፃናት ሁሉ ጤና ይሁኑ፤ ለእናቶቻቸውም ለአንቺም ይደጉ። ለመስቀል ፈቃድ ይስጡሽና ዓይንሽን እንየው።

ታናሽ እህትሽ
ሰብሊ

ይህን አጥፌ ፖስታው ውስጥ ከከተትኩ በኋላ መልሼ አወጣሁት። ሀይሚ ለፀዲ ሰላም በይልኝ፣ ናፍቃኛለች ብላሻለች። ልተወው ነበር። ስትደውዪ እሷንም አነጋግሪያት፤ ደስ ይላታል። ግን አስቀድመሽ እኔን።