እግሬን ይዘህ ስለ ጎተትከኝ

ውድ የባለቤቴ ወንድም፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በዚህ ይጀመራል ሲሉ ስለሰማሁ ነው እንጂ ንዴቴ ገና አልበረደም። ግንበኛ ነኝ፤ ፊደሌ ቢጣመምም ግድግዳዬ ተጣሞ አያውቅምና አትሳቅ።

ጋራዥህ ውስጥ ለወጪ ወራጁ ሁሉ «ጋሼን ከጎርፍ አወጣሁት» እያልክ ታወራለህ አሉ። አውራ። ሱሪዬ አሸዋው ላይ መቅረቱን ግን ባትጨምርበት ምን ነበረበት?

የማታወራውን እኔ ልንገርህ። ያን ቀን በረሃው ውስጥ ካለው የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ ስንደርስ «ደረቅ ወንዝ ውስጥ ድንኳን ይተከላል እንዴ?» ብለህ ጮኽክብኝ። እህትህ በየዓመቱ ታስተክለን የነበረው የት ነው? እዚያው፣ ከግራሩ ሥር። ያኔ አንተም ጥላው ሥር ተጋድመህ ስታንኮራፋ ስለ ጎርፍ ትንፍሽ ብለህ አታውቅም። እሷ ስትሞት ቦታው ጥፋተኛ ሆነ?

አልነሳም ስልህ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አልከኝ። ቻልኩት። ቀጥለህ ግን «ጋሼ፣ እህቴ ሞታለች፤ ወንዙ ግን አልሞተም» አልክ። ሰው ምሳውን በልቶ ሳይጨርስ እንዲህ ያለ ቃል ይነገረዋል?

ተናድጄ ፊቴን ወደ ሸራው አዙሬ ተኛሁ። ሰማዩ ላይ ብጣሽ ደመና አልነበረም። ለካ ከሩቁ ተራራ ዘንቦ ኖሯል። ድምፁ የጭነት መኪና መሰለኝ። «ጋሼ ተነስ!» ብለህ እግሬን ያዝክ። ከወንዙ ዳር ያለው ጉብታ ላይ ሆነን ስናይ ድንኳኑም ድስቱም እህትህ በእጇ የሰፋችው ብርድ ልብስም ተያይዘው ሄዱ። የእኔን አሮጌ እግር ከምትይዝ ብርድ ልብሱን አትይዝም ነበር? እኔማ በራሴ እነሳ ነበር!

ስንመለስ የመኪናህን መሪ ይዘህ እያለቀስክ «ሁለተኛ ከአንተ ጋር አልወጣም። እህቴን ቀብሬያለሁ፤ አንተን አልቀብርም» አልክ። ማን ቅበረኝ አለህ?

ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ሄድኩ። የጥብቁ ስፍራ ጠባቂ በሩ ላይ አስቆመኝ። «አባባ፣ ብቻዎን ማደር አይፈቀድም። አብሮዎ ማን አለ?»

«ኋላ ቀርቶ ነው፤ እየመጣ ነው» አልኩና አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ዋሾ አደረግከኝ! ፀሐይዋ ስትጠልቅ «አባባ፣ ሰውየው የሚመጣ አይመስለኝም» ብሎ ውሃ አቀበለኝ። በአዘኔታ የተሰጠ ውሃ አልጠጣም፤ ተመለስኩ።

አሁን ስማ። ቅዳሜ ጠዋት ጓዜን ይዤ ጋራዥህ በር ላይ እቆማለሁ። አዲስ ድንኳን ገዝቻለሁ፤ የሁለት ሰው ነው። የት እንደሚተከል አንተ ታሳየኛለህ። ጉብታው ላይም ቢሆን፣ ጥላ ባይኖረውም። ይቅርታ ግን ከእኔ አትጠብቅ።

ዛሬም የእህትህ ባል