ለአክሱማዊት ድምፅ ቦታ ስላጣው ስልክ

ለተከበራችሁ የስልኬ ሠሪ ኩባንያ የበላይ ኃላፊዎች፣

ጤናችሁ እንደ ሽያጫችሁ ከዓመት ዓመት ይጨምር እያልኩ፣ የአክብሮት ሰላምታዬን ከስዊድን፣ አካላ ከሚባለው ሰፈር፣ ቱነልባና ከሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር የሰማያዊው መስመር መጨረሻ ጣቢያ አቀርባለሁ። ስሜ ያለምወርቅ ይባላል፤ ጡረተኛ ነኝ፤ የምኖረውም ብቻዬን ስለሆነ ለመጻፍ ጊዜ አላጣሁም።

አንደኛ፣ በካርቶኑ ላይ ስልሳ አራት ጊጋባይት ብላችሁ በትልቁ ስለጻፋችሁልኝ አመሰግናለሁ። ቤቴ ገብቼ ስከፍተው ግን፣ አንድ ፎቶ እንኳ ሳላነሳ፣ ሲሶው ገደማ ተይዞ ጠበቀኝ። የያዘው «ሲስተም» የሚባለው ነው። ሱቁ ድረስ ወስጄ ብጠይቅ፣ ሻጯ በትሕትና «እሱም እኮ ቦታ ያስፈልገዋል» አለችኝ። ለእሱ የሚያስብ ሰው በማየቴ ደስ አለኝ፤ ለእኔ እንዲህ የሚያስብ ሰው ካየሁ ቆይቻለሁና።

ሁለተኛ፣ ሲስተማችሁ «አፕዴት» በምትሉት እድሳት ሁሉ እየወፈረ ሲሄድ፣ እኔ በበኩሌ የጨመርኩት የአክሱማዊትን ድምፅ ብቻ ነው። አክሱማዊት ሱዳን ከነበርንበት የስደተኞች ካምፕ ጀምሮ ጓደኛዬ ናት። እሷ በከተማው ሌላ ጫፍ ብሬዴንግ፣ እኔ አካላ፤ ጉልበታችን ደረጃ መውጣት እምቢ ሲል የድምፅ መልእክት መላላክ ጀመርን። ጨዋታ አዋቂ ናትና ከወጎቿ አንዱንም አላጠፋሁም ነበር። አምና ስትሮክ መታትና አንደበቷ ተያዘ። ከዚያ ወዲህ ወደገባችበት የአረጋውያን መኖሪያ እየሄድኩ የራሷን ወግ ከስልኬ አሰማት ነበር። በራሷ ቀልድ ትስቅ ነበር። ቤቴ ስመለስም የምሰማው የሰው ድምፅ የእሷው ነበር።

ለሦስተኛው እንዴት እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። አዲሱ እድሳት ቦታ ጠበበኝ አለና፣ ስልኩ በስዊድንኛ አላስፈላጊ የሆኑ ትልልቅ ፋይሎችን ላጽዳልሽ ወይ ሲል ጠየቀኝ። እኔ አላስፈላጊ የሚባል ነገር ስላልነበረኝ፣ የእናንተን ማለቱ ነው ብዬ እሺ አልኩት። የአክሱማዊት ወግ ተጸዳ።

በማግሥቱ ባዶ ስልክ ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጠፋ ብዬ ልነግራት ስላልደፈርኩ፣ ወጎቿን በራሴ አፍ አወራላት ጀመር። አንድ ቀን የማታውቀው ስዊድናዊ ሽማግሌ ቀብር ላይ በስህተት ገብታ፣ ከቤተሰቡ ሁሉ በላይ አልቅሳ፣ ኬክ ተጋብዛ መመለሷን ሳወራላት፣ በደህናው እጇ አልጋውን መታች።

«ምነው አክሱሜ፣ ተሳሳትኩ?» አልኳት።

ደግማ መታች።

«ሟች ሴት ነበረች እንዴ?»

እጇ ዐረፈ፤ በግማሽ ፊቷም ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆን ብዬ እሳሳታለሁ። ወደ አካላ ስመለስ ግን የሚያርመኝ የለም።

በገዛሁት ስልክ ውስጥ ለእኔም ጥቂት ቦታ ስለተዋችሁልኝ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ሲስተማችሁ ዕድሜና ስፋት ይጨመርለት ዘንድ እመኛለሁ።

በስልኳ ውስጥ በእንግድነት የምትኖር ደንበኛችሁ፣
ያለምወርቅ

ማሳሰቢያ፦ ከጽዳቱ አንዲት አጭር ድምፅ ተርፋለች። አክሱማዊት «ያለምዬ፣ በር ተንኳኳ፤ ቆይ መጣሁ» ብላ የሄደችባት ናት። ዛሬ ጠዋት ስልካችሁ እሷንም አላስፈላጊ ናት ብሎ ጠቁሞኛል። እባካችሁ ለስልኩ ንገሩልኝ፤ እየጠበቅኳት ነው።