የሚስ ሎሬን የአውራ ጣት ጥፍር

ማክሰኞ፣ ማርች 25፣ 2014

መድኃኒት ሰጠሁ። አጃ በሉ፣ ግማሹን። ገላ አጠብኩ፣ አንሶላ ቀየርኩ። መስኮት ብከፍት የዛፎቹ አበባ ቢጫ ብናኝ ገባ፤ መልሼ ዘጋሁ። ውጭ የቆመችው መኪናዬ እርድ የተነሰነሰባት መስላለች።

ሚስ ሎሬን ከታጠቡ በኋላ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። (ሙሉውን መጻፍ እጄን ያደክመዋል፤ ከአሁን ሚ/ሎ እላለሁ።) እዚህ ሳንዲ ስፕሪንግስ፣ እሳቸው ቤት ከተመደብኩ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ጥሩ ሰው። ብዙ አይናገሩም፣ እኔም አልናገርም፤ ተስማምተናል።

ክንዳቸው ላይ እንደገና ጭረት አየሁ፣ ደም የቋጠረ። በዚህ ዕድሜ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ነው። በእንቅልፍ ልባቸው ራሳቸውን ይቧጭራሉ። ቀኝ እጃቸውን አንስቼ አየሁት። የአውራ ጣቱ ጥፍር ረጅም፣ ወፍራም፣ እንደ ቀንድ የጠነከረ። የቀሩትም ረዘም ረዘም ያሉ። የግራ እጃቸው ግን እስከ ሥጋው ተቆርጧል። አንዱን እጅ ቆርጠው ሌላውን ረስተውታል አልኩ። አንጀቴን በሉት።

የቀጠረኝ ኤጀንሲ ጥፍር መሞረድ እንጂ መቁረጥ አይፈቅድም። አውቃለሁ። ማን ያየኛል ብዬ መቁረጫውን ከመታጠቢያ ቤት መሳቢያ አመጣሁ። አውራ ጣቱ ላይ ስደርስ ቀጭ አለ። አልነቁም። በሶፍት ጠቅልዬ ጣልኩ። ሁለቱ እጆች እኩል ሆኑ።

ደስ አለኝ፣ ማስታወሻዬ። ሥራዬን አይቼ ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ማርች 27

ምን ሠራሁ።

ቁርስ ላይ ሚ/ሎ እጃቸውን አዩት። አልጮኹም። አውራ ጣታቸውን በሌላው ጣት አሹት፣ ሰው ጨርቅ ሲገዛ እንደሚያሸው። ጥፍሬ የት ሄደ አሉ። የአጃውን ሳህን አነሣሁ። እሳቸው ቀጠሉ። «ሃኒ፣ ስቆርጥ አይተሽኛል?»

አላየሁም አልኩ።

እናንተ የኤጀንሲ ሰዎች እንደማትቆርጡ አውቃለሁ አሉ፤ ከአንቺ በፊት የነበረችው የእግሬን ጥፍር እንኳ ቁረጪልኝ ብላት እምቢ ብላኛለች። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገቡ። መቁረጫው ሲንኩ ላይ ነው፣ እኔ ትቼው። ይዘውት ወጡ። እንግዲህ እኔው ነኛ አሉ። ሊስቁ ሞከሩ።

ከአልጋው ሥር ያለውን ጥቁር ሣጥን አምጪልኝ አሉኝ። የሮይ ዕቃ ይመስለኝ ነበር። (ሮይ የወንድማቸው ልጅ ነው። ስኔልቪል ይኖራል፤ ጉዳያቸውን ሁሉ የሚጨርስላቸው እሱ ነው።) ስከፍተው ጊታር። ቀይ።

እስከ ምሳ አወሩኝ። ድሮ፣ በስድሳዎቹ፣ ከዚሁ ከአትላንታ ልጆች ጋር ባንድ ነበራቸው። ሳይኬደሊክ ይሉታል ሙዚቃውን፤ ድምፁን እንደ ሕልም የሚያጣምሙት። ያኔ ገና ይህን የሚሠራው ጥቂት ሰው ነበር አሉ፣ ሴት ደግሞ እሳቸው ብቻ። በአውራ ጣት ጥፍራቸው ወፍራሙን ክር እየፋቁ አንድ ድምፅ አወጡ። ሌላው ሰው ሁሉ ኋላ በማሽን የሠራውን እሳቸው በጥፍር።

የሸክላውን ሽፋን አሳዩኝ። ቀዩን ጊታር የያዘው ዘፋኙ ነው። ሚ/ሎ ከጥግ ቆመው ታምቡሪን ይዘዋል፣ ያንን ባለ ቃጭል ከበሮ። ሸክላውን ያሳተሙት ሰዎች ጊታር የያዘች ልጅ ገበያ አታመጣም ብለው ነው አሉ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት አክስቴ ሱቅ ስኳር ከምትጠቀልልበት ጋዜጣ ነው፤ እንግሊዝኛውንም ከመድኃኒት ብልቃጥና ከሳሙና ካርቶን። የተጻፈ ካየሁ ሳላነብ አላልፍም። ገልብጬ አነበብኩ። ጊታር፦ እሱ። ታምቡሪን፦ ሎሬን። ሰውየው ማሽን ፈልስፎ ነው ድምፁን ያወጣው እየተባለ ሲጻፍ ኖረ፣ እሱም አይደለም ሳይል ሞተ።

አሁን ኒል የሚባል ሰው አለ። ስለ ድሮ ሙዚቃ ፊልም ይሠራል። ሚ/ሎን በስንት ፍለጋ አግኝቷቸዋል። አፕሪል 23 ካሜራ ይዞ ይመጣል፣ ድምፁን በጥፍራቸው ሲያወጡት ሊቀርጽ። ለዚያ ነው ዊንተሩን ሙሉ ያሳደጉት። ግራው አጭር የሆነው ክሩን የሚጫኑበት ስለሆነ ነው። ጊታር የያዘ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ግን እኩል አደረግኩላቸው።

ቅዳሜ፣ ማርች 29

ዶራቪል ሄድኩ። ለስንዱ ነገርኳት፣ ከምትሠራበት ግሮሰሪ፣ ካሸሩ ጋ ሰው እስኪያልቅ ጠብቄ። ከሱዳን ጀምሮ አብረን ነን፤ እሷ ያልሰማችው ጉድ የለኝም።

ሳቀችብኝ። «ጥፍር እኮ ነው ሴትዮ። ጣት አልቆረጥሽባቸው።»

«ሙዚቃቸው እሱ ላይ ነበር።»

«በሰባ ዓመት? እኔና አንቺ በሃምሳችን እልልታ እንኳ ትንፋሽ አሳጥቶናል።»

ፆም ይዤ ዋሸሁ አልኳት። አልዋሸሽም አለች፣ አላየሁም ነው ያልሽው። አይቻለሁ እኮ አልኩ። «እንግዲያ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነበር እንበላ።»

ከዚያ ቁም ነገር ያዘች። አንድ ማስጠንቀቂያ አለብኝ፤ ለቀድሞዋ ታማሚዬ የራሴን ሽሮ ስላበላሁ። ሁለተኛ ከመጣ እባረራለሁ። «በሽሮ ተጻፈብሽ፣ በጥፍር ልትባረሪ ነው የሺዬ?» የራሷን ጥፍሮች ዘረጋችልኝ፣ ቀይ፣ የሚያብረቀርቁ። ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ጥፍር ቤት ሞልቷል፤ ውሰጃቸውና ያስተክሉ፣ በቃ አለች።

ልቤ ቀለለኝ። ሽንኩርትና ምስር ገዝቼ ተመለስኩ። ይሄው ነው መፍትሔው። ለምን አፈርኩ ታዲያ።

ዓርብ፣ አፕሪል 4

ወሰድኳቸው። ሐሳቡ የኔ መሆኑን ብቻ ተናገርኩ፤ ሚ/ሎ አመሰገኑኝ። ምስጋናው እንዴት እንደሚያቃጥል።

የጥፍር ቤቷ ሴት ሁሉንም ልሥራ አለች። አውራ ጣቱን ብቻ አሉ። አንድ ብቻ? አንድ ብቻ። ሴትየዋ ወደ እኔ አየች፣ እኚህ ደህና ናቸው ወይ በሚል ዓይን። ሚ/ሎ ገባቸው። ደህና አይደለሁም፣ ጊታር ተጫዋች ነኝ አሏት። ሁለቱም ሳቁ።

ቤት ስንደርስ የጊታሩን ድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየሩን፣ ከቁም ሣጥን አወጣሁ። ሰካን። አውራ ጣታቸውን ወፍራሙ ክር ላይ አስደግፈው ጥፍሩን ቀስ አድርገው ከታች ወደ ላይ ሳቡት። መጀመሪያ እንደ ዛገ በር። ከዚያ ወደ አምፕሊፋየሩ ጠጋ አሉ፤ ድምፁ አደገ፣ ተጠማዘዘ፣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንቀጫቀጩ። ልቅሶ አይደለም። ሳቅ አይደለም። የታች ቤቱ ውሻ ጮኸ። እኔ መጥረጊያ ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ። እኚህን ሴት ነው ለካ የማጥበው አልኩ።

አቆሙ። ፕላስቲኩ ሲፋቅ ትንሽ ጥርት ይልብኛል እንጂ ድምፁስ አለ አሉ። ጊታሩን ግን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። ስቆርጠው ትዝ አይለኝም አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ፈለጉት፣ ያንን ያልሠሩትን። «ምንም የለም ሃኒ። ባዶ ነው።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሻይ ልሥራልዎ አልኩ።

ረቡዕ፣ አፕሪል 9

ቤቱ ወረቀት በወረቀት ሆኗል። ምድጃው ላይ፦ አጥፊ። በሩ ላይ፦ ቁልፍ። ሁሉንም የለጠፉት ሚ/ሎ ናቸው። በፊት አንድም አልነበረም።

ጥፍሬን ቆርጬ ረሳሁት ብለው ለሮይ ራሳቸው ደውለው ነገሩት። ዛሬ መጣ። ወደ ኩሽና ጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሌላ ያየሽው ነገር አለ ወይ አለኝ። አንዳንዴ መነጽር ይፈልጋሉ አልኩ። (እኔስ። ትናንት ስልኬን እየተነጋገርኩበት ፈልጌያለሁ።) ሮይ ልጅ ሆኖ እጃቸውን ሲይዝ «ጥፍሬን ቀስ» ይሉት ነበር። «አእምሮዋ ደህና ቢሆን ያንን ጥፍር አትቆርጠውም። የእናቷን ስም ረሳች ቢሉኝ ከዚህ አይብስም» አለ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

ቦታ አግኝቷል፤ የመርሳት ሕመም ያለባቸው የሚኖሩበት፣ በሩ በኮድ የሚከፈት። ጊታር ይፈቀዳል፤ አምፕሊፋየር አይፈቀድም። አፕሪል 23 ይወስዳቸዋል፣ ያው በቀረጻው ቀን። ሚ/ሎ እሺ አሉ። እኔ አጠገባቸው ሆኜ ለኒል ደወሉ፣ ካንስል አደረጉ። በካሜራ ፊት ምን እንደምሆን አላውቅም አሉት። ትሕትና ባለው ድምፅ። ስልኩን ዘግተው እጃቸውን አዩት።

ሳህን አጠብኩ። የታጠበውን መልሼ አጠብኩ።

ዓርብ፣ አፕሪል 18። ስቅለት

ቤተ ክርስቲያን ዋልኩ። ሰገድኩ። ሲያበቃ ተሰለፍኩ፤ ቄሱ በወይራው ቅጠል ጀርባዬን መታ መታ አድርገው ምን አለብሽ አሉ። አንዲት አሮጊትን ዋሽቻለሁ አልኩ። ሌላስ አሉ። ሌላ የለም አልኩ። ስግደት ጨመሩልኝ። ከኋላዬ ብዙ ሰው ነበር፤ እሳቸውም ደክሟቸዋል።

የጨመሩልኝን ሰገድኩ። አሁን ጉልበቴ አይታጠፍም። የሚገርመው ስጀምር ቅልል ይለኛል ብዬ ነበር። ግን ከኔ ጉልበት ለሚ/ሎ ምን ደረሳቸው? በሩ ያው በኮድ ነው።

ሰኞ፣ አፕሪል 21

ነገርኳቸው።

ከነገ ወዲያ ለሚሄዱበት ልብሳቸውን እያጣጠፍኩ። ሚስ ሎሬን፣ ጥፍርዎን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ተኝተው ነበር አልኩ። በአንድ ትንፋሽ። ዝግጁ ነበርኩ፤ ለጩኸት፣ ለስድብ፣ ውጪ ለመባል።

ፈገግ አሉ። እጃቸውን ጉንጬ ላይ አደረጉ፣ ያንን ፕላስቲክ ጥፍር። «ደግ ነሽ ሃኒ። ይህን ትያለሽ ብዬ ጠብቄ ነበር።»

እውነት ነው አልኩ። ማልኩ። ታዲያ ያን ቀን ስጠይቅሽ ለምን አላልሽም አሉ፤ ክስ አይደለም፣ ልጅ እንደማባበል። ፈርቼ አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ባላቸው መርሳት ይዟቸው ሊሞቱ ሰሞን እሳቸውም እንዲህ እያሉ ይዋሹላቸው ነበር አሉ፣ የጠፋውን ሁሉ እኔ ነኝ የጣልኩት እያሉ። የዋሹት ስለሚወዷቸው ነው። የኔንም እንደዚያ ቆጠሩት።

ውሸቴን አመኑኝ፣ እውነቴን ግን እምቢ። አልፈርድም። ቅደም ተከተሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ሹራባቸውን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። ምን ላድርግ ሌላ።

ማክሰኞ፣ አፕሪል 22። ጠዋት፣ መኪና ውስጥ

ፓርክ አድርጌ ቁጭ ብያለሁ። ሚ/ሎ ፎቅ ላይ ናቸው፣ አጃቸው አልቀረበም። ሮይ ነገ ጠዋት ይመጣል።

ሲነጋጋ ገባኝ። ሰውን ለማስደሰት የሚዋሽ ሰው አለ። እንጀራውን ለማጣት የሚዋሽ ግን የለም። ለኤጀንሲው ከተናገርኩ ይጽፉታል፤ ለሮይ ዛሬውኑ ይደውላሉ፤ ሮይ ለሚ/ሎ ይነግራቸዋል። ከኤጀንሲው ከመጣ ደግነት ነው አይሉም። ያምናሉ። ወረቀቶቹን ከግድግዳ ይነቅላሉ። ኒልን መልሰው ይጠሩት ወይም አይጥሩት፣ የራሳቸው ጉዳይ ነው፤ ግን ራሳቸውን አምነው ይወስናሉ። ይቀየሙኛል። ይቀየሙኝ።

ለስንዱ ነገርኳት። አንቺ ሴት ጤናም የለሽ አለች። ቀጥላ፣ ሲያባርሩሽ ወደ ግሮሰሪው ነይ፣ ሽንኩርት የሚለቅም ሰው አጥተናል፣ ሽንኩርት ደግሞ ብትልጪውም አይከስሽም አለች። ከዚያ አለቀሰች መሰለኝ። ወይም እኔ ነኝ።

ደወልኩ። ኤጀንሲዎቹ ጠብቂ ብለው ሆልድ አድርገውኛል። ፒያኖ ከፍተውልኛል፤ ለስላሳ፣ ማለቂያ የሌለው። በመስታወቱ ላይ ያለውን ቢጫ ብናኝ በመጥረጊያው ገፋሁት፤ አሁን የሚ/ሎ መስኮት ይታየኛል። መጋረጃው ተከፍቷል። ተነሥተዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጽፌ ልለማመደው፣ እንዳልንተባተብ። ስሜ የሺ ነው። የሚስ ሎሬን ተንከባካቢ ነኝ። ማርች 25 የቀኝ እጃቸውን ጥፍር የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ተኝተው ነበር። ሲጠይቁኝ አላየሁም አልኩ። ምንም አልረሱም፤ የሚረሱት ነገር አልነበረም። እኔ ነኝ። እባካችሁ ይህን ጻፉትና ለሮይ

አነሡ።