ከብሪጂት በላይ

ልጄ ሌንሴ፣ ጌታ በመውጣትሽ ይቅደም፣ በመግባትሽ ይከተልሽ። እኛ ደህና ነን። እዚህ ቡልቡላ ሰፈራችን ውሃ ትናንት መጣልንና ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። እዚያ ሜልቦርን ብርድ ነው አሉ፤ ደረትሽን ሸፍኚ።

እሁድ በቪዲዮ ስናወራ አጎትሽ ጋሽ ኦላና እጮኛሽን ኮነርን ሰባት አባቶችህን ቁጠር ሲሉት አፈርኩ። ከአየርላንድ ሰው ጋር ዝምድና ይገኝብናል ብለው ነው መሰለኝ። ልጁ አራት ቆጥሮ ብሪጂት የምትባል ሴት ላይ ቆመ። አራተኛውን በሕፃንነቱ አዝላ፣ ከረሃብ ሸሽታ በመርከብ የወጣች እሷ ናት፤ የሕፃኑን አባት ግን እስከ ዛሬ ቢፈልግ አላገኘውም። ጋሽ ኦላና "ሴት አትቆጠርም" ብለው ስልኩን መለሱልኝ።

ከዚያ ወዲህ ያቺ ሴት ከልቤ አልወጣችም። ጋሽ ኦላና የእኛን አባቶች እስከ አሥራ ሁለት ይጠራሉ። ትናንት "እነሱን ያዘሉትን ሴቶችስ?" ብላቸው አንዷንም አያውቁም። አሥራ ሁለቱን በጣታቸው መልሰው ቆጠሩና "ትቆጠርለት" አሉኝ።

ስለዚህ ለኮነር ንገሪው፤ አምስተኛዋ ብሪጂት ናት። ጌታ የልጆች እናት ያድርግሽ። ያኔ ትውልዳቸውን ስታስቆጥሪያቸው ታዲያ፣ እኔንም አትዝለይኝ።

እናትሽ ገንዘቤ